መልስ፦ «ሬሚንግተን ከስሯል ይባላል፤ ያገለገለ 700 ብገዛ ዋስትናው ማን ጋ ነው?»

ወንድሜ፣ ስሙ አለ፤ ቤቱ ግን ተበትኗል። 700 የተባለውን ጠመንጃ የሠራው የአሜሪካው ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 ሁለቴ ከሰረ። በሁለተኛው ተቆራርጦ ተሸጠ፦ ጥይቱና የንግድ ስሙ ለቪስታ አውትዶር ኩባንያ፣ ማርሊን የተባለው የጠመንጃ ዘርፉ ለሌላው ጠመንጃ ሠሪ ለሩገር፣ በሬሚንግተን ስም የሚሠራው ጠመንጃ በ13 ሚሊዮን ዶላር ራውንድሂል ለተባሉ ባለሀብቶች። ጠመንጃውን ዛሬ የሚሠራው የራውንድሂሉ ኩባንያ ሬምአርምስ በስሙ የሚጠቀመው በፈቃድ ነው፤ በእኔ ግምት ትልቁ ስጋት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ቤቱ የነበረው የኢሊየን፣ ኒውዮርክ ፋብሪካም በ2024 ተዘግቶ ሥራው ጆርጂያ ገብቷል። (በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፆች የተማረከው ሬሚንግተን የዚሁ ቤት ነው።)

ከ2020 በፊት ለተሠራ ጠመንጃ የድሮውን ዋስትና አትቁጠር። ከመክፈልህ በፊት ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጥና የምላጩን ፊት በጣትህ ዳብስ። ልሙጥ ከሆነ ኤክስማርክ ፕሮ የተባለው የምላጭ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 የተሠሩት ሲገጣጠሙ ማጣበቂያ ስለበዛባቸው ሳይሳቡ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ እንዲመለሱ ተጠይቆ ነበር። ሸንተረር ካለው ባብዛኛው ዎከር የተባለው አሮጌው የምላጭ ዓይነት ነው፤ በምላጩና በማገናኛዋ ብረት መካከል ቆሻሻ ከገባ ሴፍቲው ሲፈታ ሊባርቅ ይችላል። ዘይት ማርከፍከፍ አያድነውም። ሙሉ ምላጩን ባለሙያ ይቀይርልህ፤ ወጪውን ከዋጋው አስቀንስ።