ሚስማሩስ ማግኔቱን ይስባል?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። እዚሁ ጎንደር ማስተማር ጀምራለች። «ጋሼ፣ ስበትን ለልጆቹ እንዴት ላስረዳ? ትርጉሙን በቃላቸው ይወጡታል፣ ግን አይገባቸውም» አለችኝ። ለእሷም ለእናንተ ለጀማሪ መምህራንም ልጻፍ ብዬ ስነሳ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ያኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ማግኔቶቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። ልጆች ይሰብሯቸዋል ተብሎ ነው። ፒያሳ ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጄ፣ የሻይ ዕዳውን በዕቃ የሚከፍል ሰው ነው፣ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ፈልቅቆ ሰጠኝ። ክፍል ገብቼ ሚስማር ሳስጠጋለት ዘሎ ተለጠፈ። ልጆቹ ተንጫጩ። ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሚስማሩስ ማግኔቱን ይስባል?»

ማግኔቱን በክር አንጠልጥዬ፣ ወፍራም ሚስማር በእጄ ይዤ አስጠጋሁ። አሁን የሄደው ማግኔቱ ነው። ልጁ ግን አልረካም። «እኔስ ስዘል መሬትን እስባታለሁ?» ደወሉ ተደወለ። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ ስለነበር ቀሪው ጊዜ ሁሉ ለክለሳ ይሁን ተባለ። ከዚያ በኋላ ልጁን አላስተማርኩትም። ያ ጥያቄ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

መልሱማ አዎ ነው። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ የሚዘሉትን ልጆች አስቡ። 50 ኪሎ የሆነውን ልጅ መሬት 490 ኒውተን ገደማ በሆነ ኃይል ትስበዋለች። እሱም በዚያው ልክ ይስባታል። ግን የመሬት መጠነ ቁስ በኪሎ ሲጻፍ 6 ብሎ 24 ዜሮ ነው። ስለዚህ ልጁ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ እሷ ንቅንቅ ያለች አትመስልም። ቀመሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ሲመጣ ግን በቃል ይያዝ፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ።

«ጠፈር ላይ ስበት የለም» አትበሉ፣ አደራ። 400 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በሚዞረው የጠፈር ጣቢያ ላይ የምድር ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያው እየወደቁ ስለሆነ ነው። ወደ ጎን በጣም ስለሚፈጥኑ መሬትን ይስቷታል። የዛሬ ልጅ ዕውቀትን ከቲክቶክ ሲቃርም ያናድደኛል፤ ይህንን ግን ከቪዲዮ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

እስኪርቢቶም ፀጉር ላይ አሽታችሁ ብጥስጣሽ ወረቀት አስነሱ። መላዋ ምድር ወደ ታች እየሳበችው አንድ እስኪርቢቶ ያሸንፋታል። የኤሌክትሪክ ስበት ከምድር ስበት ምን ያህል እንደሚበረታ ያኔ ያዩታል። ብቻ ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ እርጥበቱ ተማሪ ፊት ያሳፍራችኋል።