«በመጠይቅ እምነትን መለካት» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን በመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች በሐኪሞቻቸው ላይ ያላቸውን እምነት ለመለካት የትኛውን መጠይቅ እንደሚመርጡና የተለመደው የእርካታ መጠይቅ ይበቃቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። የእርካታው አይበቃም፤ በወረፋው የተማረረ ሰው ሐኪሙን አጥብቆ ሊያምን ይችላልና።

እኔ መረጃ ሳሰባስብ የተጠቀምኩት በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣውን የዌክ ፎረስት መጠይቅ ነው። ዐሥር ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ታካሚው ምን ያህል እንደሚስማማ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ስለሚሰጥ ድምሩ ከ10 እስከ 50 ይሆናል። ሦስቱ አሉታዊ ስለሆኑ ነጥባቸው ተገልብጦ (5 የነበረው 1 ሆኖ) ይደመራል፤ በቃል ሲነበቡ ግን አረጋውያን ታካሚዎች ለሁሉም «እስማማለሁ» ይላሉ። ሐኪሙን በአንዱ አመስግኖ በሌላው የነቀፈ መልስ ሲበዛ፣ ከመሰረዝዎ በፊት የትኛው መረጃ ሰብሳቢ እንዳመጣው ይመልከቱ።

ዋናው ችግር ግን መጠይቁ ቋሚ ሐኪም ላለው ታካሚ የተሰናዳ መሆኑ ነው። በየቀጠሮው ሌላ ሐኪም የሚያገኝ ሰው «ሐኪምዎ» ሲባል ስለ ሆስፒታሉ ወይም ስለ ሙያው በጥቅሉ ይመልሳል፤ ያኔ የሚያገኙት ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ወይ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ካሉ ክትትሎች አንድ ሐኪም ደጋግሞ ያያቸውን ብቻ ይምረጡ፣ ወይ «ዛሬ ያዩዎት ሐኪም» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ስለ ሙያው ማወቅ ከፈለጉ እነዚያው ተመራማሪዎች ለዚሁ ያዘጋጁት ሌላ መጠይቅ አለ።

ጠያቂው ማን እንደሆነም ውጤቱን ይለውጠዋል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በግቢው ውስጥ፣ መድኃኒት ገና ሳይሰጥ ቢጠይቅ፣ ይሉኝታው ነጥቡን ሁሉ ወደ ላይኛው ጫፍ ይገፋዋል፤ የአንዱ ታካሚ ከሌላው ልዩነትም ይጠፋል። (አማካዩ ከፍ ሲል የሚደሰት አስተዳደር መኖሩን ልብ ይሏል።) የሆስፒታሉ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው፣ ከፋርማሲው በኋላ፣ ሌላ ጆሮ በሌለበት ይጠይቅልዎት።

በተረፈ የድርጊት ጥያቄዎችን ያክሉበት። ጸበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ይህንኑ ለሐኪሙ ይነግር እንደሆነ መጠየቅ፣ በእኔ ግምት፣ ከዐሥሩ ዐረፍተ ነገሮች የበለጠ ያሳያል፤ ቁጣን የሚፈራ ሰው ይደብቃልና። የታዘዘውን መድኃኒት ይገዛ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ያልገዛው ሁሉ ሐኪሙን አላመነም ማለት ስላልሆነ ግን የዋጋውን ጉዳይ ለብቻው ያንሱት።