መሃሉን ለቅቆ ማሸነፍ፦ የቼዝ ጥያቄዎቻችሁ

ከፒያሳ፦ እዚሁ ጎንደር በተደረገ ውድድር ነጭ ነበርኩ። ባላጋራዬ መሃሉን ስለለቀቀልኝ ወታደሮቼን ኢ4 እና ዲ4 ላይ ተከልኩ። እሱ ቢሾፑን ጂ7 አድርጎ ቆየና አሸነፈኝ። እንዴት?

መሃሉን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ተይዞ እንዲቆይ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የቼዝ ሊቃውንቱ ሬቲ እና ኒምዞቪች ያሳዩት ሃይፐርሞደርን አጨዋወት በዚህ ላይ ይቆማል፦ ጥቁር መሃሉን ከሩቅ በቢሾፕና በፈረስ እየተቆጣጠረ የነጭን ወታደሮች ዒላማ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዮርክ ላይ ዶናልድ ባይርን የገጠመውን ይመልከቱ። የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር በግሩንፌልድ መከላከያ (ጥቁር መሃሉን ለነጭ ለቅቆ ኋላ የሚያጠቃበት አጀማመር) ጥቁር ይዞ ተጫወተ። ባይርን ኢ4 እና ዲ4ን እንደ እርስዎ ያዘ፤ ንጉሡ ግን ገና መሃል ላይ ነበር። በ11ኛው እርምጃ አስቀድሞ ያወጣውን ቢሾፕ ደግሞ አንቀሳቀሰ። ፊሸር ወዲያው ፈረሱን ኤ4 ላይ ጣለው! በነፃ የሚበላ ይመስላል፤ የነጭ ፈረስ ሊበላው ከሄደ ግን የኢ4 ወታደር ጠባቂ ያጣል። ፊሸር በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሰጠ፤ በ41ኛው ንጉሡን ማት አደረገ። እኔ ይህን ጨዋታ ደጋግሜ ባየው አልጠግበውም። እርስዎም ጨዋታዎን ያውጡና ንጉሥዎ ስንተኛው እርምጃ ላይ ካስል እንዳደረገ (ከሩክ ጋር ተቀያይሮ ወደ ዳር እንደተጠለለ) ይዩ።

ከአዘዞ፦ በአሌኪን መከላከያ ኢ4 ሲመጣ ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6 ያወጣል። ፈረሱ ሲባረር ጊዜ አይባክንም?

ይባክናል። ነጭ ግን የሚያባርረው ወታደር እየገፋ ነው፤ የተገፋ ወታደር ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ጥቁር ቶሎ በዲ6 መምታት አለበት፤ ዝም ብሎ ከጠበቀ ታፍኖ ይሞታል። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይክያቪክ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወት በ13ኛው ጨዋታ ስፓስኪን ያሸነፈው በዚሁ መከላከያ ነው።

ከማራኪ፦ በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ትንሽ ይቀራረባል። ወረራ በሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ አንዱ የሌላውን አደራደር እያየ የራሱን ያስተካክላል። ተራ ስለሌለ ግን እርምጃ ማባከን የሚባል ነገር የለም፤ ሃይፐርሞደርን ውስጥ ግን ዋናው ሒሳብ እሱ ነው።

ከአራዳ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። በጥቁር ስትጫወት በነዚህ መከላከያዎች ትጀምር?

አሁን አይጀምሯት። ኢ4 ሲመጣባት ኢ5 ትመልስ፤ ፈረሶቿን ታውጣ፤ ካስል ታድርግ። መሃሉን ራሷ ይዛ መጠበቁ ምን ያህል እንደሚከብድ ስታውቅ፣ ያን ጊዜ ግሩንፌልድን ያሳዩአት።