ሳንቲሙን ዋጠው፤ ጌሙስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሳንቲም እየጎረሱ ስለሚሠሩት የድሮ የጌም ማሽኖች የደረሱን ጥያቄዎች ግማሾቹ የናፍቆት ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ካቻቢቴ ይዞ ከማሽኑ ጀርባ የቆመ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱንም ቀላቅለን መልሰናል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ቆሜ እጫወተው የነበረውን ፓክማን አሁን ቤቴ ጫንኩት። ጌሙ ያው ነው፤ ስሜቱ ግን ያው አይደለም። እኔ አርጅቼ ነው ወይስ አንድ ነገር ተለውጧል?

መልስ፦ ተለውጧል። የተለወጠው በጣትዎና በምስሉ መካከል ያለው መንገድ ነው። የድሮው ባለ ቱቦ ስክሪን ከጌሙ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የመጣለትን ምስል መስመር በመስመር እዚያው ይስለዋል። ጠፍጣፋው ስክሪን ግን ምስሉን ተቀብሎ፣ አስልቶና አሳምሮ ነው የሚያሳየው። ጌሙ በሰከንድ 60 ያህል ምስል ስለሚያወጣ አንዱ ምስል ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ስክሪኑ ሦስት ወይም አራት ምስል ወደኋላ ከቀረ፣ እርስዎ ጆይስቲኩን ካዞሩ ከ50 እስከ 70 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው ፓክማን ሲታጠፍ የሚያዩት። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ አሳዳጁ መንፈስ ተረከዝዎ ላይ ሲደርስ ግን ኢምንት አይደለም።

ቴሌቪዥኑ ላይ «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩ፤ ምስል የሚያለሰልሰውንና እንቅስቃሴ የሚያሳምረውን ሁሉ ያጥፉ። የፓክማን ምስል ስፋቱ 224፣ ቁመቱ 288 የምስል ነጥብ (ፒክሰል) ነው፤ ቋሚ ምስል ስለሆነ ስክሪኑን ይሙላ ብለው ወደ ጎን አይለጥጡት። ስልክ ላይ ከሆነ የሚጫወቱት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ጆይስቲክ ያስፈልግዎታል። መስታወት «ቀጭ» አይልም፤ ጣትም ካልሰማ አያምንም።

ጥያቄ፦ ጆይስቲክ ገዛሁ። ፓክማን ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እምቢ ይለኛል።

መልስ፦ የገዙት ባለ ስምንት አቅጣጫ ሳይሆን አይቀርም፤ ፓክማን የሚያውቀው አራት ብቻ ነው። ከዘንጉ ሥር አራት ማይክሮስዊቾች (ሲጫኑ «ቀጭ» የሚሉ ትናንሽ ማብሪያዎች) አሉ። ዘንጉ ወደ ማዕዘን ሲያዘነብል ሁለቱ አብረው ይጫናሉ፤ ጌሙ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም እርስዎ ያልፈለጉትን። ጆይስቲኩን ገልብጠው ከሥሩ ያለችውን ባለ ካሬ ቀዳዳ የፕላስቲክ መገደቢያ ይፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ መያዣዎቿን ቀስ ብለው አላቀው 45 ዲግሪ አዙረው ሊመልሷት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማዕዘኖቹ ይዘጋሉ። ዘንጉን ዙሪያውን ሲያዞሩት በአንድ ጊዜ ሁለት «ቀጭ» ከሰሙ በደንብ አልገባችም። እንደ ስትሪት ፋይተር ያለ የድብድብ ጌም ሲያምርዎት ወደ ነበረችበት ይመልሷት።

መገደቢያዋ ስትስተካከል ደግሞ እጅዎን ያስተካክሉ። ፓክማን የመታጠፊያው መሃል ሳይደርስ ጥቂት የምስል ነጥብ ቀደም ብሎ መታጠፍ ይችላል፤ መናፍስቱ አይችሉም። ስለዚህ ጆይስቲኩን ቀድመው ይግፉና ይዘው ይጠብቁ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ትንሽ ትንሽ ያመልጧቸዋል።

ጥያቄ፦ ያረጀ ማሽን እጄ ገብቷል። ሳንቲሙን አንዳንዴ ይመልሰዋል፣ አንዳንዴ ውጦ ዝም ይላል። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቦርዱን ለጊዜው ይርሱት። በ1972 አታሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰኒቬል በሚባል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ለሙከራ ያስቀመጠው ፖንግ «ተበላሸ» ተብሎ ነበር። የጌሙ ሠሪ አለን አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው የሳንቲም መያዣው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አገኘው። እርስዎም ከሳንቲሙ መንገድ ይጀምሩ። መመለስና ውጦ ዝም ማለት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

የሚመልስ ከሆነ ችግሩ በሩ ጀርባ ያለው የሳንቲም መለያ ላይ ነው። ሜካኒካል ከሆነ ኤሌክትሪክ አይነካውም። ሳንቲሙ በመግቢያው ስፋትና ውፍረት ይለካል፤ ቀጥሎ እንደ ሚዛን በተንጠለጠለች ትንሽ ክንድ ላይ ያርፋል፤ ስፋቱና ክብደቱ ልክ ከሆነ ክንዷ አዘንብላ ታሳልፈዋለች። ከዚያ በማግኔት አጠገብ ይንከባለላል። ተራ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ጨብጦ ያስቀረዋል። መዳብ ወይም አሉሚኒየም ከሆነ አይያዝም፤ ነገር ግን በማግኔቱ አጠገብ ሲያልፍ በውስጡ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጅረት ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። በልኩ ፍጥነት የወረደው ወደ መቀበያው ይገባል፤ የፈጠነው ወይም የዘገየው መለያያውን ገጭቶ ወደ መመለሻው ይነጥራል። ማሽኑ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው በአካሄዱ ነው ማለት ነው፤ መንገዱ ላይ ያለች እድፍም እውነተኛውን ሳንቲም ሐሰተኛ ታደርገዋለች።

መለያውን ያውጡት። በለብታ የሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፤ በደንብ ያድርቁት። ማግኔቱ ላይ የተሰበሰበውን የብረት ብናኝ በፕላስተር እየነካኩ ያንሱ። ዘይት አይቀቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ያፈጥነዋል፣ ውሎ አድሮ አቧራ ሰብስቦ ሙጫ ይሆናል። መልሰው ከገጠሙት በኋላ ማሽኑ ወደ ጎን አለማዘንበሉን በውሃ ልክ ያረጋግጡ። አንድ እግሩ ያጠረ ማሽን ንጹሕ መለያ ይዞም ጥሩ ሳንቲም ይመልሳል።

ኤሌክትሮኒክ መለያ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ናሙና ሳንቲም ተቀምጧል፤ የሚገባውን ሁሉ በኮይሎች አማካይነት ከእርሱ ጋር ያስተያያል። ናሙናው ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም የሚመጣው 12 ቮልት ከወረደ ሁሉንም ይመልሳል።

አሁን ውጦ ዝም ወደሚለው እንምጣ። በሳንቲሙ መንገድ መጨረሻ ላይ ቀጭን የሽቦ ክንድ ያላት ማይክሮስዊች አለች። በሩን ከፍተው ሽቦዋን በጣትዎ ጫን ያድርጉ። ክሬዲት (የተከፈለበት ጨዋታ ቁጥር) ስክሪኑ ላይ ከመጣ ስዊቿም ቦርዱም ደህና ናቸው፤ ሽቦዋ ተጣምማ ሳንቲሙ ሳይነካት እያለፈ ነው። የመንገዱን መሃል እንድታቋርጥ በፒንሳ ያቃኗት። ክሬዲት ካልመጣ ከስዊቿ ሁለቱን ገመዶች ነቅለው ጫፋቸውን ለአፍታ ያነካኩ። አሁን ከመጣ የሞተችው ስዊቿ ናት። አሁንም ከሌለ ገመዱን እስከ ማገናኛው ድረስ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይከተሉት። ስዊች ሲቀይሩ ሦስት እግሮች እንዳሏት አይርሱ፦ የጋራው፣ ሳይጫን ክፍት የሆነውና ሳይጫን ዝግ የሆነው። የሚፈልጉት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነው። ዝግ በሆነው ላይ ካሰሩት ቦርዱ «ሳንቲም ተቀርቅሯል» ብሎ ያስባል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ክሬዲት ካልመጣ ቦርዱ ላይ ያሉትን ዲፕ ስዊቾች (ጌሙ የሚቀናበርባቸውን ጥቃቅን ማብሪያዎች) ይዩ። ለአንድ ጌም ሁለት ሳንቲም እንዲጠይቅ ተደርጎ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው።

ጥያቄ፦ ስፔስ ኢንቬደርስ መጨረሻ ላይ ለምን እንደዚያ ያብዳል?

መልስ፦ ማሽኑ ሸክሙ ስለሚቀልለት። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ለታይቶ ሲሠራው የተጠቀመበት ኢንቴል 8080 የሚባል ፕሮሰሰር ነበር፤ 55ቱን ወራሪዎች በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አይችልም። በእያንዳንዱ ምስል አንዱን ብቻ ያራምዳል። 55ቱም ሲኖሩ ሰልፉ አንድ እርምጃ ለመሄድ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል፤ አሥር ሲቀሩ ዙሩ አምስት እጥፍ ይፈጥናል፤ አንዱ ብቻውን ሲቀር በየምስሉ ይራመዳል። ኒሺካዶ ይህንን አይቶ እንዳለ ተወው፤ ጥሩም አደረገ። ትዝ የሚልዎት አረንጓዴና ቀይ ቀለም ደግሞ ከጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ የተለጠፈ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ነበር፤ ወራሪው ወደ ታች ሲወርድ ቀለሙ የሚለወጠውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ጌም መሃል ላይ ብድግ ብሎ እንደ አዲስ ይነሳል።

መልስ፦ መልቲሜትሩን ወደ ዲሲ አድርገው 5 ቮልቱን ይለኩ፤ ግን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ፣ ጌሙ እየሠራ። ከ5.00 እስከ 5.10 መሆን አለበት። ከ4.75 በታች ከወረደ ቺፖቹ ይወላገዳሉ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.1፣ ቦርዱ ላይ 4.7 ካገኙ ቮልቱ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው፦ በዛገ ማገናኛ ወይም በተቃጠለ ገመድ። እዚህ ላይ ማስተካከያውን ብቻ እያዞሩ ቮልቱን ከፍ ማድረግ በሽታውን መደበቅ ነው፤ ከ5.25 ካለፈ ደግሞ ቺፕ ሊገድል ይችላል።

የቦርዱን ጠርዝ የመዳብ ጥርሶች በነጭ ላጲስ አሽተው በአልኮል ይጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት አይንካቸው፤ ከላይ የተለበጠውን ስስ ሽፋን ገፎ ዝገትን ይጋብዛል። ከ1985 ወዲህ ብዙ ቦርዶች የተከተሉት፣ ጃማ የሚባለው ማገናኛ በእያንዳንዱ ጎን 28፣ በድምሩ 56 ጥርስ አለው። 7ኛው ቦታ ላይ መለያ ቁልፍ ይገባል። ቁልፉ ወልቆ ከጠፋ ማገናኛውን ገልብጦ መሰካት ይቻላል፤ በተገለበጠ ማገናኛ የበራ ቦርድ ደግሞ ሁለተኛ ላይነሳ ይችላል። ቁልፉን ሳይተኩ አይሰኩ።

ጥያቄ፦ ምስሉ ጠቧል፣ ጠርዙም ይሞገዳል። ራሴ ልጠግነው?

መልስ፦ ባለ ቱቦ ስክሪን ከዚህ በፊት ከፍተው የማያውቁ ከሆነ፣ አይ፤ ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። በባለ ቀለም ቱቦ ጎን የጎማ ቆብ ሥር ያለው ቮልት ከ20,000 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ማሽኑ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። ብዙዎቹ የጌም ሞኒተሮች ደግሞ ሞኒተሩን ከመብራቱ በሚለይ ትራንስፎርመር (አይሶሌሽን ትራንስፎርመር) በኩል ካልሆነ በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ጋር መገናኘት የለባቸውም፤ ብረታቸው ራሱ ይነዝራል።

የሚያውቁ ቢሆኑም ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። ሶኬቱን ይንቀሉ። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ረጅም ካቻቢቴ ይያዙ፤ የብረቱን ክፍል በገመድና በመቆንጠጫ ቱቦውን ከውጭ ከከበበው ራቁት የግራውንድ ሽቦ ጋር ያገናኙ። አንድ እጅዎን ከጀርባዎ ያድርጉና የካቻቢቴውን ጫፍ ከጎማው ቆብ ሥር ብረቱን እስኪነካ ያስገቡ። «ጧ» ሊል ይችላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፤ ቱቦው የቀረውን ቻርጅ መልሶ ያወጣዋል። የቱቦውን አንገት ከምንም ነገር ጋር አያጋጩ፤ ከተሰነጠቀ ስክሪኑ አለቀለት።

ለጠበበና ለሚሞገድ ምስል መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ጣሳ መሰል ክፍሎች) ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። አንድ አንዱን እየፈለጉ ከመልፋት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይሻላል። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀት መቻያው 105 ዲግሪ ይሁን። አንዱን ነቅለው እዚያው አዲሱን እየተኩ ይሂዱ፤ ኔጌቲቩ የተገለበጠ ካፓሲተር ሲበራ ሊፈነዳ ይችላል። መበየጃው እጅዎ ላይ ሳለ የፍላይባኩን (ከፍተኛውን ቮልት የሚያመነጨውን ትራንስፎርመር) እግሮችና የሞኒተሩን መሰኪያዎች በአጉሊ መነጽር ይዩ። በሊዱ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ካለ እንደገና ይበይዱት። አንድ ቀለም ብቻ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ ተቀርጾ የቀረ የድሮ ጌም ጥላ ግን አይጠገንም።

የጃማን ቀለም ገመዶች በቀጥታ የቤት ቴሌቪዥን ላይ አይሰኩ። ቴሌቪዥኑ የሚጠብቀው 0.7 ቮልት ያህል ነው፤ ቦርዱ የሚልከው ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቦርዱ ላይ ያለችውን ባትሪ ላውጣት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ እንደ ቦርዱ ነው። ኒዮ ጂኦ ኤምቪኤስ የሚባለው የጌም ቦርድ ላይ ያለችው 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ከሆነች ዛሬውኑ ቆርጠው ያውጧት። ስታረጅ ታለቅሳለች፤ ፈሳሿም የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። የፈሰሰውን በአቼቶ በነከረ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉ፤ ቀጥሎ በውሃ፣ ከዚያ በአልኮል፤ አረንጓዴ የሆነውን መስመር ሁሉ በመልቲሜትር ይፈትሹ። ባትሪዋ ባትኖርም ጌሙ ይሠራል፤ የሚጠፋው የተቀመጠው ቅንብር ነው።

የካፕኮም ኩባንያ ሲፒኤስ-2 ቦርድ ግን ተቃራኒ ነው። እዚያ ባትሪዋ የምትጠብቀው የፕሮግራሙን መፍቻ ቁልፍ ስለሆነ፣ ስትሞት ጌሙም አብሮ ይሞታል። ዛሬ ቁልፉን እንደገና መጫን ይቻላል፤ ቢሆንም ሳያጣሩ አይንቀሉ።

ጥያቄ፦ ፓክማን መጨረሻ አለው?

መልስ፦ የታሰበ መጨረሻ የለውም፤ 256ኛው ደረጃ ላይ ግን የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁርጥራጭ ምስል ይሞላል። ደረጃውን የሚቆጥረው ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚይዝ ቦታ ነው። ከታች ፍሬዎቹን የሚስለው ክፍል አንድ ሲጨምርበት ወደ 0 ይመለሳል፤ ከዚያም ጥቂት ፍሬ በመሳል ፋንታ 256 ይስላል። ለማለፍ የሚበቃ ፓክማን የሚበላው ነጥብ ስለማይቀር ደረጃው አይታለፍም። ዶንኪ ኮንግም 22ኛው ደረጃ ላይ በዚሁ ዓይነት ስሌት ይወድቃል፦ ደረጃው በ10 ተባዝቶ 40 ሲደመርበት 260 ይመጣል፣ 256 ሲያልፍ 4 ይቀራል፤ ሰዓቱም በመቶ በመቶ ስለሚቆጥር ከ400 ይጀምርና ጀግናው ከላይ ሳይደርስ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የጆተኒ ዘንጎች ከብደው አልዞር አሉ።

መልስ፦ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ንጹሕ ሲሊኮን ሁለት ሦስት ጠብታ አድርገው እየገፉና እየሳቡ ያዳርሱት፤ የተረፈውን ይጥረጉ። የሞተርና የምግብ ዘይት ሜዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ አቧራም ይሰበስባል። ከዚህ በኋላም ከከበደ ዘንጉ ጎብጦ ይሆናል፤ አውጥተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉት፤ ከዘለለ ጎብጧል።