ዘውዱ፣ ጽዋውና የእቴጌይቱ ቀሚስ፦ ስለ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ጥያቄና መልስ

ስለ ለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቤቱ ሠራተኛ አይደለሁም፤ እግሬ የለመደው ጎብኚ ነኝ። ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሙዚየሙን የመሠረቱት ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው?

ስሙ ያሳስታል። መነሻው በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ የተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ነው። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ዋና ደጋፊው ነበሩ። ወጪው ተከፍሎ 186,000 ፓውንድ ገደማ ተረፈ፤ ደቡብ ኬንሲንግተን ላይ ሰፊ መሬት የተገዛው በዚያ ነው። ሙዚየሙን በእግሩ ያቆመው ግን ሄንሪ ኮል የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በ1852 ሌላ ቤት ውስጥ ጀመረ፣ በ1857 አሁን ያለበት ቦታ ገባ። የመጀመሪያው ሕንፃ ብረትና ቆርቆሮ ስለነበር የለንደን ሰው «የብሮምፕተን ቦይለሮች» (ብሮምፕተን ሰፈሩ ነው፣ ቦይለር የእንፋሎት ጋን) እያለ ይሳለቅበት ነበር። የአሁኑ ስም የወጣለት በ1899፣ ንግሥቲቱ የአዲሱን ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲያኖሩ ነው። ሕንፃው በ1909 ሲከፈት በሕይወት አልነበሩም።

ጥያቄ፦ ያኔ ሀብታም ብቻ ነበር የሚገባው?

የለም፣ እንዲያውም የታሰበው ለሠራተኛው ነው። ኮል የጋዝ መብራት አስገብቶ ማታ ማታ በሩን ከፈተ፤ ቀን ሲለፋ የሚውል ሰው ከሥራ መልስ ቤተሰቡን ይዞ ይምጣ ብሎ። ሙዚየም አረቄ ቤትን ያሸንፋል የሚል እምነት ነበረው። ያሸነፈ አይመስለኝም፣ ግን ሐሳቡን እወድለታለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን መግቢያው ነፃ ነበር፤ በሌሎቹ ቀናት 6 ፔንስ። ዛሬ ዋናው ሙዚየም በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ እዚያ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ከመቅደላ የተወሰደ ዘውድ አለ፤ ግን ለቴዎድሮስ የተሠራ አይደለም። በ1740 ገደማ የተሠራ የጎንደር ሥራ ነው። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም የሰጡት እንደሆነ ይታመናል። ፎቅ ፎቅ ሆኖ የተደራረበ ወርቅ ነው። ጠጋ ብለህ ካየኸው ሐዋርያቱና አራቱ ወንጌላውያን ብረቱ ላይ ጎልተው ይታያሉ። አብሮት የወርቅ ጽዋ አለ፣ እሱም የዚያው ዘመን።

ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ንዋያተ ቅድሳት ሰብስበው መቅደላ አስገብተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1868) ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ወታደር ግምጃ ቤቱን በረበረ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደና ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ግን ሐራጁን አልጠበቀም። ዘውዱንና ጽዋውን ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። አዎ፣ በአራት!

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አይመልሱትም?

የሚሰጡት ምክንያት የ1983ቱ የቅርስ ሕግ ነው። ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ ያስረዋል። ኢትዮጵያ በ2007 በይፋ ጠይቃለች። በ2018፣ የመቅደላ 150ኛ ዓመት ላይ፣ ዕቃዎቹን ለብቻ አውጥተው አሳዩ፤ ዳይሬክተሩም በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። የራስን ዕቃ ተዋስ መባል ሆድ ያብሳል። ሕግ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ ያወጣው ፓርላማ ያሻሽለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን እንኳ በ1871 እዚያው ፓርላማ ቆመው፣ መጀመሪያውኑ ለምን እንደመጡ አይገባኝም ብለው አዝነዋል።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነኝ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ልብስ አለ ሲሉ ሰማሁ።

አለ እህቴ። በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስና ጌጣጌጥ። እኔን ከዘውዱ ይልቅ ይሄ ነው የሚነካኝ፤ ዘውድ የመንግሥት ነው፣ ቀሚስ ግን የሰው ገላ የነካው ነው። ጥሩወርቅ ባላቸው ቴዎድሮስ በሞቱ በሳምንታት ውስጥ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። ልጃቸው ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ያለ እናት እንግሊዝ ገባ። ፎቶ አንሺዋ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ዓመት አንስታዋለች። ልጁ ፊት ላይ ፈገግታ የሚባል የለም።

ጥያቄ፦ ታቦቶቹስ?

እነሱ ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው፣ 11 ታቦቶች። ለሕዝብ አይታዩም።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዤ ብሄድ ምን ላሳያቸው?

የቲፑን ነብር! እንግሊዛዊ ወታደር ላይ የተከመረ የእንጨት ነብር ነው፣ ሆዱ ውስጥ ኦርጋን አለው። እጀታው ሲዞር ነብሩ ያገሳል፣ ሰውዬው ያቃስታል። የሕንዱ ማይሶር ገዥ ቲፑ ሱልጣን በ1799 ሲገደሉ የተዘረፈ ነው። እሱም እንደኛው።

ከዚያ የጄሶ ቅጂዎቹን አዳራሽ። የሮሙ የትራጃን ዓምድ ቅጂ ጣሪያው ስላልበቃው ለሁለት ተቆርጦ ቆሟል። በጎን ባለው አዳራሽ ሚኬላንጄሎ የቀረጸው የዳዊት ሐውልት ቅጂ አለ፣ ራቁቱን። ንግሥት ቪክቶሪያ ሲያዩት ደነገጡ ይባላል፤ ስለዚህ ግማሽ ሜትር የሚሆን የጄሶ የበለስ ቅጠል ተሠራለት። የቤተ መንግሥት ሴቶች ሲመጡ በሁለት መንጠቆ ይሰቀል ነበር። ቅጠሉ ዛሬም ከሐውልቱ ጀርባ አለ።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ?

የአርዳቢል ምንጣፍ። ፋርስ ውስጥ ወደ 1540 ገደማ ተሠርቶ በ1893 በ2,000 ፓውንድ የተገዛ ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ መብራቱ የሚበራው በየግማሽ ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ሰው ጨለማ አይቶ ይመለሳል፤ አንተ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ በየት በኩል ልግባ?

ከደቡብ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፣ ሲዘንብ ይጠቅማል። ካልዘነበ ግን በኤግዚቢሽን ሮድ ሂድ። የሙዚየሙን ግድግዳ እየዳሰስክ እለፍ፤ ድንጋዩ ተቦዳድሷል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ነው። ሆን ብለው ሳይጠግኑት ትተውታል።