አሮጌውን ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ ማዘመን

ጥያቄ፦ ባለ 12 ኢንች ጥቁርና ነጭ ተንቀሳቃሽ ቴሌቪዥን አለኝ። ይበራል፤ ግን የአንቴና መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ከኢንተርኔት ፊልም ላይበት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። የምስል ቱቦውን (ምስሉ የሚታይበትን የመስታወት ክፍል) አውጥተው ጠፍጣፋ ስክሪን አይክተቱበት፤ የሚሠራ ቱቦ ዛሬ ብርቅ ነው። ደግሞም ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ቱቦው በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ክዳኑን አይክፈቱ።

ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ይበቃሉ፦ ኤችዲኤምአይን (የዘመናዊ ዕቃዎችን የምስልና ድምፅ መሰኪያ) ወደ ኤቪ (ባለ ቀለም ጫፍ የድሮ የምስልና ድምፅ ገመድ) የሚቀይር ሳጥንና አርኤፍ ሞጁሌተር (ምስሉንና ድምፁን እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ በአንቴና መሰኪያ የሚያስገባ)። ከኢንተርኔት የሚያጫውተውን ስቲክ (በኤችዲኤምአይ የሚሰካ ትንሽ ማጫወቻ) ሳጥኑ ላይ ይሰኩ፤ የሳጥኑን ቢጫና ነጭ ገመድ ወደ ሞጁሌተሩ፣ ከዚያ በ75 ኦም የአንቴና ገመድ ወደ አንቴናው መሰኪያ። ለስቲኩ የራሱን ቻርጀር ይስጡት። ቴሌቪዥኑ ቪኤችኤፍ (ዝቅተኛውን የጣቢያ ሞገድ) ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዩኤችኤፍ (ከፍተኛውን) ብቻ የሚልክ ሞጁሌተር አይግዙ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተንከባለለ የሳጥኑን ማብሪያ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል (ሁለቱም የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች ናቸው) ያዙሩ። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ ሽሽ የሚል ከሆነ ሞጁሌተሩን ወደ ፓል ቢ/ጂ (አንዱ የፓል ዓይነት) ይቀይሩ፤ በዚህ ሥርዓት ድምፁ ከምስሉ በ5.5 ሜጋኸርዝ ይርቃል፣ በሌሎቹ በ4.5፣ በ6 ወይም በ6.5። የግርጌ ጽሑፉን ደግሞ ከፍ ያድርጉት፤ ትንንሽ ፊደል በዚህ ስክሪን አይነበብም።