ሁለት ሞተር ያለው አይወድቅም? ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ጥያቄና መልስ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ብዙ ዓመት አብራሪዎችን ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ትንንሽ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች አደጋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ እያደረግኩ እመልሳለሁ። ትንንሽ ስል ከአራት እስከ አስር ሰው የሚይዙትን ነው፤ ፓይፐር ሴሚኖል፣ ቢችክራፍት ባሮን፣ ሴስና 310፣ ዳይመንድ ዲኤ42 እና የመሳሰሉትን።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው አይሄድም እንዴ? ታዲያ ምን ይጥለዋል?

ከፍ ብሎ እየበረረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ሲነሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሮቹ ከሚሰጡት ጉልበት ብዙው አውሮፕላኑን አየር ላይ ለማቆየት ብቻ ይውላል። ሽቅብ የሚወጣው በተረፈው ነው። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ 100 ቢሰጡና ሳይወርድ ለመብረር 40 ቢያስፈልገው፣ ለመውጣት 60 ይተርፈዋል። አንዱ ሲጠፋ ግን ያለው 50 ነው፤ 40ው ተቀንሶ 10 ብቻ ይቀራል። ጉልበቱ በግማሽ ሲቀንስ የመውጣት አቅሙ ከ80 በመቶ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ እውነታው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሴሚኖል ሙሉ ጭነት ይዞ በባሕር ወለል ላይ በሁለት ሞተር በደቂቃ 400 ሜትር ገደማ ይወጣል። በአንድ ሞተር 65 ሜትር ገደማ ብቻ። እሱም የጠፋው ሞተር ፕሮፔለር ምላጩን ከአየሩ ጋር አስተካክሎ ከቆመ፣ ጎማ ከተሰበሰበና አብራሪው ፍጥነቱን በትክክል ከያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ በባሕር ወለል ከሆነ እኛ ጋስ?

ጥሩ ጠየቅክ። የኛ ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ጥግግቱ ከባሕር ወለሉ 84 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህም አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። በመጋቢት ከሰዓት፣ 28 ዲግሪ ሲሞላ፣ ለአውሮፕላኑ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ነው። ሞተሩ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ያጣል፣ ክንፉም እንደዚያው።

አሁን ይህን አስተያይ። የሴሚኖል የአንድ ሞተር ጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ሞተር ሊወጣ የሚችልበት የመጨረሻ ከፍታ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ 1,160 ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ዳር መሬት ራሱ ከዚያ በላይ ነው! ስለዚህ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሙሉ ጭኖ ከዚህ ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሁለተኛው አያወጣውም፤ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ተርቦ፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ያላቸው፣ እንደ ዲኤ42 ያሉት፣ በከፍታ ላይ ጉልበታቸው ቶሎ ስለማይቀንስ በጣም ይሻላሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። እነዚህ አውሮፕላኖች በተሠሩበት የአሜሪካ ደንብ ከ2,722 ኪሎ በታች የሆነና በዝግታ ማረፍ የሚችል ባለ ሁለት ሞተር በአንድ ሞተር መውጣት አለበት ተብሎ አልተገደደም። ስንት እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ተለክቶ ቢጻፍ በቃ። ተሳፋሪው ግን ሁለት ሞተር ሲያይ አንዱን መጠባበቂያ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ጥያቄ (ከዓባይ ማዶ)፦ እሺ ቀስ ብሎ ከወረደ ለምን ሁሉም ይሞታል? ገደል እንደገባ መኪና ተገልብጦ ነው የሚገኘው።

ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። የሚገድለው የጉልበቱ ማነስ አይደለም። ጉልበቱ በአንድ ወገን መሆኑ ነው።

ሞተሮቹ ክንፍ ላይ ናቸው፣ ከመሃል ራቅ ብለው። ግራው ጠፍቶ ቀኙ በሙሉ ኃይል ሲጎትት አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ያውቀዋል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከቀዘፍክ ታንኳው ይዞርብሃል። አውሮፕላኑን የሚያቃናው ጅራቱ ላይ ያለው፣ ራደር የሚባለው ተንቀሳቃሽ መሪ ነው፤ በእግር ፔዳል ይታዘዛል። ራደር የሚሠራው ግን በላዩ በሚያልፈው አየር ነው። ፍጥነት ሲቀንስ አቅም ያጣል፣ ቀኝ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብትረግጠውም አይበቃም። አፍንጫው መዞሩን ይቀጥላል፣ የግራ ክንፍ ይወርዳል፣ ከዚያ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይገለበጣል። ከመሬት 100 ሜትር ላይ ከሆንክ መመለሻ የለህም።

ለዚህ ነው የፍጥነት መለኪያው ላይ ሁለት መስመር የሚቀባው። ቀዩ ከዚህ በታች በአንድ ሞተር አፍንጫህን ማቅናት አትችልም የሚል ነው፤ ሰማያዊው በአንድ ሞተር በደንብ የምትወጣበት ፍጥነት። በሴሚኖል ቀዩ 56 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ነው፣ ሰማያዊው 88። ሞተር ሲጠፋ የሰው ልጅ ተፈጥሮው መሬቱን ሸሽቶ አፍንጫውን ወደ ላይ መሳብ ነው። ሲስብ ፍጥነቱ ከሰማያዊው ይወርዳል፣ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ስንቱ ጎበዝ አብራሪ በዚህ አልቋል።

በከፍታ ቦታ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አየሩ ሲሳሳ ደህናው ሞተርም ስለሚደክም የቀዩ ፍጥነት ይቀንሳል። ጥሩ ነው ትላለህ። ክንፉ አየር መያዝ የሚያቆምበት ፍጥነት፣ ስቶል የምንለው፣ ግን በመለኪያው ላይ እዚያው ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ። በአንድ ወገን ጉልበት እየጎተተህ ስቶል ከገባህ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሽክርክሪት ብዙዎቹ ባለ ሁለት ሞተሮች እንደሚወጡ ተፈትነው የተረጋገጡ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አብራሪው ምን ማድረግ አለበት?

ገና ማኮብኮቢያው ላይ ከሆነ ሁለቱንም ጉልበት ቆርጦ ይቁም። ከመሬት ለቆ ጎማው ገና ካልተሰበሰበና ፊት ለፊቱ ቦታ ካለ እዚያው ይረፍ። ከዚያ ካለፈ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ሰማያዊውን ይያዝ፣ ክንፉን ወደ ደህናው ሞተር 5 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፣ ጎማ ይሰብስብ፣ የጠፋውን ለይቶ ፕሮፔለሩን ያስተካክል። አልወጣ ካለው ያለውን ሜዳ ይምረጥ። አፍንጫው መዞር ከጀመረ ደግሞ የደህናውን ሞተር ጉልበት ይቀንስ። ይህን እጅ እምቢ ይላል፤ ያለህን ብቸኛ ሞተር መቀነስ! ግን የሚገለብጥህ እሱ ነው። ክንፉ ቀጥ ብሎ፣ በዝግታ፣ ጤፍ ማሳ ላይ በሆዱ ያረፈ አውሮፕላን ውስጥ ሰው ይተርፋል። በጀርባው ከወደቀ አይተርፍም።

ይህ ሁሉ ውሳኔ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት መወሰን አለበት። ጮክ ብሎ መናገር ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ቢጠፋ እቆማለሁ፣ እዚህ ካለፍኩ እንዲህ አደርጋለሁ። ይህን ሳይል ለሚነሳ ተማሪ ሞተር ማስነሳት አልፈቅድም ነበር።

ጥያቄ (ከፔዳ ግቢ ተማሪ)፦ ደህናውን ሞተር በስህተት የሚያጠፋ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በትልልቆቹም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ጥር 1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737 አብራሪዎች ደህናውን ሞተር ነው ያጠፉት፤ 47 ሰው ሞተ። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ታይፔ ላይ የትራንስኤዥያ ኤቲአር 72ም እንዲሁ፤ ከ58 ሰው 43 ሞተ። እነዚህ ሁለት አብራሪ ያላቸው ናቸው። በትንሿ ግን አብራሪው ብቻውን ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። አፍንጫውን ለማቅናት የሚረግጠው እግር ደህናው ወገን ነው፤ ሥራ የፈታው እግር የጠፋው ሞተር ወገን። ከዚያ ወዲያው አታጥፋው። የጠፋ ነው ያልከውን ሞተር የጉልበት ዘንግ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሳበው። ድምፁም ጉዞውም ካልተለወጠ ትክክል ነህ። ይህች ሁለት ሰከንድ ናት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የ1981ዱ የባሕር ዳር አደጋስ? እኔ ያኔ እዚሁ ነበርኩ።

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስላነሱት። እሱ ትልቅ ጄት ነበር፣ ቦይንግ 737፤ ከርዕሳችን ወጣ ይላል፣ ግን ባለ ሁለት ሞተር ነው፤ የከተማችንም ሐዘን ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚህ እንደተነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተር ውስጥ ገባ። ለመመለስ ሲሞክሩ ሁለቱም ጉልበት አጡ፤ ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አረፈ፣ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰው 35 ሞተ። ሁለት ሞተር የሚያድነው ምክንያቱ የአንዱ ብቻ ሲሆን ነው። ወፍ፣ የተበላሸ ነዳጅ፣ በረዶ ግን ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቆሻሻ መጣል ለምን እንደሚከለከልም ከዚህ ይገባናል፤ ወፍ የሚመጣው ወደሚበላበት ነው።

ጥያቄ፦ ነዳጅስ? መኪና እንኳ ነዳጅ አልቆበት መንገድ ላይ የሚቆም አለ።

ነዳጅ ማለቅ፣ ከባዶው ታንክ መሳብ፣ ውሃ የገባበት ነዳጅና የተሳሳተ ነዳጅ፣ አራቱም ይገድላሉ። በጣም የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ነው። የቤንዚን ሞተር ባለው አውሮፕላን የጄት ነዳጅ ቢቀዳበት ወዲያው አይጠፋም። በቱቦው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ይነሳል፣ ይንደረደራል፣ ይለቃል፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይሞታሉ። የአቪዬሽን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው፣ የጄት ነዳጅ ውሃ መሳይ ወይም ገለባማ ነው። ሲቀዳ አጠገቡ መቆም ነው እንጂ ቢሮ ገብቶ ቡና መጠጣት አይደለም።

ውሃውን ደግሞ ክረምት ላይ አይቼዋለሁ። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ካደረ አውሮፕላን ጠዋት ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ትቀዳለህ። ወደ ብርሃን አንሳው። ሰማያዊው ከላይ ይሆናል፤ ከታች እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ የተቀመጠ ቀለም የሌለው ጠብታ ካየህ ውሃ ነው። እስኪጠራ ድረስ ደጋግመህ ቅዳ።

ጥያቄ፦ ጭነት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ዘፋኟ አሊያ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሃማስ ውስጥ የሞተችበት ሴስና 402 ከሚፈቀደው በላይ ተጭኖ ነበር፣ ክብደቱም ወደ ኋላ አጋድሎ ነበር። እንደተነሳ ወደቀ፤ ዘጠኙም አለቁ። አብራሪው ከዚህ ሻንጣ አልጭንም ካለህ አትከራከረው።

ጥያቄ፦ ደመናና ተራራስ? እኛ ዙሪያችን ተራራ ነው።

ሞተሮቹ ሁለቱም ደህና እየሠሩ ከሚደርሱት አደጋዎች አንዱ ይህ ነው። በምሥራቅ ጉና አለ፣ በደቡብ ጮቄ፤ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ። ክረምት ላይ ደመናው ተራራውን ሸፍኖ ይተኛል። ከደመና ሥር እሄዳለሁ ብሎ ዝቅ ሲል፣ ሸለቆው እየጠበበ ሲመጣ፣ መዞሪያ ቦታ እስኪያጣ ድረስ የሚገፋ አብራሪ አለ። በዚያው በ1981 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ይበር የነበረው ትዊን ኦተር የሚባል ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ተራራ ላይ ተከሰከሰ፤ የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሊላንድን ጨምሮ 16 ሰው ሞተ።

ማታ ደግሞ ሐይቁ አለ። ወደ ጣና አቅጣጫ ስትነሳ የከተማው መብራት ከኋላህ ይቀራል። ከፊትህ ድፍን ጨለማ ነው፤ ውሃውና ሰማዩ አይለይም። አውሮፕላኑ ሲፈጥን ጆሮህ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል አፍንጫው ወደ ላይ የቀና መስሎ ይነግርሃል፣ አንተም ሳታውቀው ወደ ታች ትገፋዋለህ። ዓይንህን ከመሣሪያዎቹ ላይ አትንቀል፤ ስሜትህን አትመነው።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የማሽን ነው ወይስ የሰው?

ሞተሩን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ማሽን ወይም ነዳጅ ነው፤ ሰውን የሚገድለው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሞተር ሳይጠፋ የሚወድቅም አለ። በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ኤሰንደን ላይ የወደቀው ኪንግ ኤር የሚባል ባለ ሁለት ሞተር፣ መርማሪዎቹ እንዳሉት፣ የራደሩ ማስተካከያ እስከ ጫፍ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ሳለ ነው የተነሳው። አምስት ሰው ሞተ። ከመነሳት በፊት በሚታየው ዝርዝር፣ ቼክሊስቱ ላይ፣ ያለች አንዲት መስመር ናት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የሚመራቸው አዲሶቹ ሞተሮች ይሻላሉ?

ይሻላሉ፣ ግን ኮምፒውተሩ መብራት ይፈልጋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሽፓየር ላይ አንድ ዲኤ42 ባትሪው ሞቶ በውጭ መብራት አስነሱት። ከመሬት ለቆ ጎማ ሲሰበስብ ኤሌክትሪኩ ወረደና ሁለቱም ሞተር አንድ ላይ ጠፉ። ሰው አልሞተም። ባትሪ ከሞተ መጀመሪያ እሱን ሙላ፣ ከዚያ ብረር።

ጥያቄ (የመጨረሻ)፦ ታናሽ እህቴ አብራሪነት እየተማረች ነው፣ ባለ ሁለት ሞተር ልትጀምር ነው። ይህን ሁሉ ሰምቼ ፈራሁ። ተይ ልበላት?

አትበላት። ሥልጠናውም የራሱ አደጋ እንዳለው ግን ትወቅ፤ ሞተር የጠፋ ለማስመሰል መሬት አጠገብ ጉልበት እየቆረጡ አስተማሪም ተማሪም አብረው ያለቁበት ብዙ ነው። አስተማሪዋ ይህን ከመሬት ቢያንስ 900 ሜትር ርቆ ያድርገው፤ ዝቅ ብሎ ያለውን በሲሙሌተር ትልመደው። ዝቅ ብለው ሳሉ እውነተኛ ሞተር ሊያጠፋባት ከፈለገ እምቢ ትበል፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ፈቃዱን ከያዘች በኋላም በየስድስት ወሩ ተመልሳ ትለማመድ፣ እግር ቶሎ ይረሳልና።